ከቡታጅራ እስከ አሰላ፦ የሚጥል በሽታ በሳይንስና በኑሮ

የዝዋይን ሐይቅ ሁለት ወንዞች ከሁለት ወገን ይመግቡታል። ከምዕራብ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው መቂ ነው፤ ከምሥራቅ ደግሞ የጭላሎንና የአካባቢውን የአርሲ ከፍታዎች ውኃ ሰብስቦ የሚመጣው ከተር ነው። ይህንን የመልክዓ ምድር ነገር በአንድ የጤና ጽሑፍ መግቢያ ላይ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ስለሚጥል በሽታ (ኤፒለፕሲ) ከተካሄዱት ጥናቶች መካከል በውጭ አገር ሳይንሳዊ መጽሔቶች ደጋግመው የሚጠቀሱት ሁለቱ የተሠሩት በዚሁ ሐይቅ ላይና በማዶው በቡታጅራ ዙሪያ ነው። በከተር ወንዝ ራስጌ፣ በአሰላና በበቆጂ ደጋ የሚኖር ተማሪም ስለ በሽታው ለማወቅ ቢፈልግ ከእነዚህ ከጎረቤቶቹ ቁጥሮች መጀመር ይበጀዋል።

በቡታጅራ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን መዘገቡ። ሥራውን የመሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖት ነበሩ። ከስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተባባሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከተመዘገቡት መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ይህም ከ1000 ሰው 5.2 መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለበሽታው የታወቀ መድኃኒት ያገኙ የነበሩት ከመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ከ316ቱ ሰዎች አምስቱ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ያው ቡድን በየዓመቱ አዲስ የሚታመመው ሰው ስንት እንደሆነ አሳተመ፤ ከ100,000 ሰው 64። አንባቢ እዚህ ላይ እርሳስ አንሥቶ ቢቆም መልካም ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻቸውን የማይናገሩትን ይናገራሉና። በአንድ ወቅት በሕመሙ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት (ሥርጭት) በየዓመቱ የሚጨመረው አዲስ ሕመምተኛ ብዛት ሕመሙ በአማካይ በሚቆይበት ዘመን ሲባዛ ከሚገኘው ጋር በግምት እኩል ነው። ከ1000 ሰው 5.2 ማለት ከ100,000 ሰው 520 ማለት ነው። 520 ለ64 ሲካፈል 8 ዓመት ገደማ ይሆናል። በሕፃንነትና በወጣትነት የሚጀምር፣ ብዙውን ጊዜም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ተብሎ የሚታሰብ በሽታ በአማካይ 8 ዓመት ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ሕመምተኞቹ በሆነ በር ከቆጠራው እየወጡ ናቸው። በሮቹ ሦስት ናቸው። አንዳንዱ በራሱ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ይሸሸጋል፤ አንዳንዱ ይሞታል። በእሳት ተቃጥሎ፣ በወንዝ ሰጥሞ ወይም መንዘፍዘፉ ሳያባራ ቀርቶ የሚሞት ሰው መኖሩን የገጠር ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። የየበሩን ድርሻ ከዚህ አንድ ማካፈል ማግኘት አይቻልም፤ ጥያቄው ግን ከቁጥሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የሐይቁ ጥናት ይበልጥ ያስገርማል። በዝዋይ ደሴቶችና ዳርቻ የሚኖረው የዛይ ማኅበረሰብ በቁጥር ትንሽ፣ በቋንቋውም ራሱን የቻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ከ1154 ሰዎች መካከል 34ቱ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ይህም ከ1000 ሰው 29.5፣ ማለትም የቡታጅራውን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ የስታቲስቲክስ ተማሪ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ‹‹በአጋጣሚ ይሆንን?›› ብሎ ነው። የ34 ዳግም ዘር 5.8 ገደማ ስለሆነ የእጥፉን ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ብንፈቅድ እውነተኛው ሥርጭት ከ1000 ሰው ከ19 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዝቅተኛው ጠርዝ እንኳ ከቡታጅራው በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንግዲህ ዕድል ብቻውን አይገልጸውም። ትንሽ ማኅበረሰብ እርስ በርስ ሲጋባ የሚወረሱ ዝንባሌዎች የመደራረባቸው ነገር አንዱ መላምት ነው፤ በወሊድ ጊዜ ሐኪም ጋር ለመድረስ በጀልባ መሻገር ግድ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ነገሩ አንጎል ውስጥ ነው

‹‹ኤፒለፕሲ›› የሚለው ቃል የመጣው ‹‹መያዝ›› የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ ነው። በእኛም አገር ሰው ‹‹ተያዘ››፣ ‹‹ተለከፈ›› ይባላል። በብራና ክታቦች ላይ ስሙ እየተጠራ የሚገዘተው ‹‹ባርያ›› የተባለው መንፈስም ሰውን ጥሎ የሚያንፈራግጥ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በአርሲ በኦሮምኛ ‹‹ገገብዶ›› ይሉታል። ግሪኩም ሐበሻውም ነገሩን ከውጭ እንደመጣ ያዥ አድርገው መሰየማቸው አያስደንቅም፤ ከአፍታ በፊት ሲሥቅ የነበረ ሰው በድንገት ሲወድቅ ላየ ዓይን ሌላ ማብራሪያ አይታየውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ ከሂፖክራጥስ ስም ጋር ተያይዞ የቆየ አንድ የግሪክ ጽሑፍ ግን በሽታው ከሌሎች በሽታዎች የበለጠ ቅዱስነት የሌለው፣ መነሻውም አንጎል የሆነ ሕመም ነው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ በመሣሪያ የታየው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው የራስ ቅል ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መቅዳት ከቻለና በ1929 ካሳተመ በኋላ ነው። ዛሬ ‹‹ኢኢጂ›› የምንለው ምርመራ ይኸው ነው።

በአንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡና በውጭው መካከል 70 ሚሊቮልት ገደማ የሆነ የኤሌክትሪክ ልዩነት ጠብቆ ይኖራል። የሶዲየም በሮች ሲከፈቱ ሕዋሱ ይተኮሳል፤ የፖታሲየም በሮች ተከፍተው ያረጋጉታል። ጎረቤቱን ‹‹ተኩስ›› የሚል መልእክት የሚያደርሰው ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ሲሆን፣ ‹‹ተው›› የሚለው ደግሞ ጋባ የተባለው ነው፤ ጋባ የክሎራይድ በሮችን በመክፈት ሕዋሱን ያደክመዋል። ጤናማ አንጎል በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች ሚዛን ላይ የቆመ ነው። የገበያ ጫጫታን አስቡ፤ ሺህ ሰው በየራሱ ሲነጋገር ከሩቅ የሚሰማው አንድ ወጥ ሁካታ ነው። ሺሁ ሰው በአንድ ቃል፣ በአንድ ምት መጮኽ ቢጀምር ግን ገበያው ሥራውን ያቆማል። የሚጥል በሽታ ማለት የነርቭ ሕዋሳት ከልክ ባለፈ ኃይል በአንድነት መተኮስ ነው።

ይህ በአንድ ጥግ ተጀምሮ እዚያው ሲቀር ሕመምተኛው ላይወድቅም ይችላል። አንድ እጅ ሊርገበገብ፣ እንግዳ ሽታ ሊሸትት ወይም ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ ግራ ተጋብቶ ልብሱን ሲነካካ ሊታይ ይችላል። መላውን አንጎል ሲይዝ ግን ሁሉም የሚያውቀው መውደቅና መንዘፍዘፍ ይከተላል። በዚሁ በመላው አንጎል በሚነሣው ወገን ውስጥ ብዙ ሰው በሽታ መሆኑን የማያውቀው ዓይነትም አለ፤ ልጁ ለጥቂት ሰኮንድ ፈዝዞ ያፈጣል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በኢኢጂ ሲታይ በሰኮንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሹል ሞገድ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚመጣበት የትምህርቱ ክር ይበጠስበታል፤ መምህሩም ‹‹ሐሳብህ የት ሄደ?›› ብሎ ይቀጣዋል። ይህንን መጽሔት የሚያነቡ መምህራን ካሉ ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቧት አይቆጨንም።

አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት አይባልም። ሕፃን በከባድ ትኩሳት ሊንዘፈዘፍ ይችላል፤ የደም ስኳር መውረድም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። በመደበኛው ትርጓሜ ያለ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ቀስቃሽ ከ24 ሰዓት በላይ በተራራቀ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መከሠት አለበት። ዓለም አቀፉ የኤፒለፕሲ ተቃዋሚ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደ ጨመረው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተከሥቶ የመደገሙ ዕድል ከፍተኛ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ በቂ ነው።

ኮሶና የአሳማ ትል

በላቲን አሜሪካና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከበሽታው ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ የአሳማ የሆድ ትል ነው። የትሉ እንቁላል በተበከለ ምግብ ወደ ሰው ሆድ ሲገባ እጩ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይሰፍራል። ታዲያ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን፣ ኮሶ የቤተሰብ ስም ያህል በታወቀበት ሕዝብ ዘንድ ይህ መንስኤ ጎልቶ አለመታየቱ ለምንድን ነው? መልሱ የእኛ ኮሶ የበሬ ትል መሆኑ ነው። የበሬው ትል በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል እንጂ እጩ በሰው አንጎል አይሰፍርም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ አለመብላቱ፣ ማንም ሳያስበው፣ አንድ የአንጎል በሽታ በር ዘግቶልናል። ኮሶ የሚጥል በሽታ ያመጣል የሚለው ወሬ እንግዲህ መሠረት የለውም።

የቀሩት መንስኤዎች ግን ክፍት ናቸው። ረዘም ያለና ያለ አዋላጅ የሚደረግ ምጥ ሕፃኑን አየር ሲያሳጣው አንጎሉ ይጎዳል። ማጅራት ገትር፣ በቆላው ወገን ደግሞ አንጎል ላይ የሚወጣ ወባ፣ ከፈረስ ወይም ከተሽከርካሪ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት፣ በአረጋውያን ዘንድ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ሁሉ ከዚሁ ይመደባሉ። በብዙ ሕመምተኞች ላይ ግን መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል።

የአንድ ክኒን ሒሳብ

ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. በ1912 ለሚጥል በሽታ እንደሚረዳ የታወቀ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ መድኃኒት ነው። ጋባ የሚከፍታቸውን የክሎራይድ በሮች ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ያደርጋቸዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በሶዲየም በር በኩል ይሠራሉ። ፌኖባርቢታል ድካምና እንቅልፍ ያመጣል፤ አንዳንድ ሕፃናትን ያቅበጠብጣል፤ ፈዝዞ ለማፍጠጡ ዓይነት ሕመም ደግሞ አይረዳም። ቢሆንም ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፣ በጤና ጣቢያም ሊሰጥ ይችላል። በቀን አንዴ፣ ማታ መዋጡ ለጾመኛው ክርስቲያንም በረመዳን ለሚጾመው ሙስሊምም የሚመች መሆኑን ልብ ይሏል።

ሆኖም ይህ መድኃኒት በገጠር የሚከሽፍበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ ምክንያቱም የኬሚስትሪ ተማሪ በቀላሉ የሚረዳው ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የፌኖባርቢታል መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በ4 ቀን ገደማ ነው። በየቀኑ አንድ ዓይነት መጠን የሚወስድ ሰው በ4ኛው ቀን ከመጨረሻው የረጋ መጠን ግማሹን፣ በ8ኛው ሦስት አራተኛውን፣ በ12ኛው 87.5 በመቶውን፣ በ20ኛው ቀን ደግሞ 97 በመቶ ገደማውን ያገኛል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጃቸውን ከተራራ ጫፍ በፈረስ አምጥተው የሳምንት መድኃኒት የወሰዱ ወላጆች በስምንተኛው ቀን ልጁ ሲወድቅ ቢያዩ ‹‹የፈረንጅ መድኃኒት አልሆነውም›› ብለው ቢተዉት ማን ይፈርድባቸዋል? ማንም ሒሳቡን አልነገራቸውም።

የመመለሻው መንገድ የባሰ ነው። መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው በ4 ቀን ግማሹን፣ በ8 ቀን ሦስት አራተኛውን ያጣል። አንጎሉ ግን የ‹‹ተው›› ትእዛዝ ጠንከር ብሎ መኖሩን ለምዷል፤ ድጋፉ ሲነሣ መንዘፍዘፉ ከቀድሞው በርትቶ፣ አንዳንዴም ያለ ማቋረጥ ይመጣል። ስለዚህ ‹‹ለጥቂት ቀን አቋርጬ ልየው›› የሚባል ነገር የለም። የክረምት ጎርፍ መንገድ ከመቁረጡ በፊት የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት ለደጋ ጤና ጣቢያ ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ የሚበልጥ ሕክምና ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ነርሶች ይህንን መሥራት እንደሚችሉ በአገራችን ታይቷል። ከጎንደርና ከጅማ ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች የሚመሩ የክትትል ክሊኒኮችን ከፍተዋል፤ በጎንደር በኩል ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ሥራው ለምን ለነርሶች መሰጠት እንደነበረበት ግልጽ ነው። በአርሲም እ.ኤ.አ. በ2014 በተቋቋመው በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር አሰላ ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ የዞኑ ሕዝብ ግን የሚኖረው በየወረዳው ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ አጠገብ ነው።

የሴት ተማሪዎች ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን ስለሚያነቃቁ የወሊድ መከላከያ ክኒንና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ሆርሞን ቶሎ ተሰባብሮ ይወገዳል፤ መከላከያውም ሊከሽፍ ይችላል። ቫልፕሮዌት የተባለው ሌላ መድኃኒት ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስለ መከላከያዋም ሆነ ስለ ማርገዝ ሐሳቧ ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ በራሷ ማቋረጥ ግን የለባትም።

ከእሳቱ ዳር

ደጋ ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነችው አሰላና ከእርሷ በላይ ባሉት መንደሮች እሳት ከማለዳ እስከ ማታ አይጠፋም፤ ቤተሰብ የሚሰበሰበው በምድጃው ዙሪያ ነው። በመላ አገሪቱ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ፊት፣ እጅና ደረት ላይ የሚታየው የቃጠሎ ጠባሳ ከዚህ የመጣ ነው። ቃጠሎውን የሚያከብደው ግን እሳቱ ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ስለ ሕዝቡ አመለካከት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ በወደቀበት ሰዓት የነካውን ሰው በሽታው ይጋባበታል የሚለው እምነት ሰፊ ነበር። ሰው እሳት ውስጥ ወድቆ ሌላው እጁን ሰብስቦ የሚቆመው በክፋት ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። የነርቭ ሕዋሳት የኤሌክትሪክ መዛባት በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በንክኪም አይተላለፍም።

ከፍ ያለ መደብ ያለው ምድጃ፣ ለውስጥ ክፍል መከለያ፣ ውኃ ለመቅዳት ከሰው ጋር መሄድ፤ እነዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። አርሲ የኃይሌ፣ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር ነውና ‹‹ልጄ ይሩጥን?›› የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይሩጥ። ሩጫ በአብዛኛው አይከለከልም፤ ብቻን መዋኘት፣ በፈረስ መጋለብ፣ ዛፍ ላይ መውጣትና ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ሳይውል መኪና መንዳት ግን የተለዩ ናቸው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትልቁ ጠላት እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ለፈተና ሌሊቱን ጫት ይዞ ማደር መድኃኒቱን በትክክል የሚወስደውን እንኳ ሊጥለው ይችላል።

ጠበልን በተመለከተ ጸብ መፍጠር አያስፈልግም። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ መናገራቸው ይታወሳል፤ ለፌኖባርቢታልም ነገሩ ያው ነው። አደገኛው መጠመቁ ሳይሆን ክኒኑን ቤት ጥሎ መሄዱ ነው።

ሦስቱ ወገኖች በአንድ አዳራሽ

ስለዚህ በሽታ የሚካሄዱ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ከሌሎች የሕክምና ጉባኤዎች የሚለዩበት ነገር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 የተቋቋመው ሊግ የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ማኅበር ሲሆን፣ በ1961 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኤፒለፕሲ ቢሮ ደግሞ ሕመሙ ያለባቸውና ቤተሰቦቻቸው የሚወከሉበት ነው። ሁለቱ ጉባኤ የሚጠሩት በአንድነት ነው። በአፍሪካ ደረጃም የመጀመሪያው በ2012 ናይሮቢ ላይ፣ አራተኛው በ2019 እንቴቤ ላይ ተካሂዷል። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2022 እስከ 2031 የሚዘልቅ የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቋል። በዓለም 50 ሚሊዮን ገደማ ሕመምተኞች አሉ፤ በትክክል ቢታከሙ ከመቶ 70ው ያለ መውደቅ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም። በአገራችን ሕመምተኞችን የሚወክለው ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ነው። ሐኪም የጠባሳውን ስፋት ሊለካ ይችላል፤ በየትኛው ሰዓት፣ ከየትኛው ጎረቤት ፊት መውደቅ እንደሚያሳፍር የሚያውቀው ግን የወደቀው ብቻ ነው።

ከ1000 ሰው 5.2 የሚለውን የቡታጅራ ቁጥር ለአርሲ ደጋ እንዳለ መውሰድ ባይቻልም እንደ መነሻ ግምት ያገለግላል። በዚሁ ግምት 2,000 ተማሪዎች ባሉት ትምህርት ቤት 10 ገደማ ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው፤ ከትምህርት ቤት ያልቀሩ ከሆነ። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሰው ሲወድቅ ማየት ከተማሪ ዕድል የራቀ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ቁልፍ በእጅ ማስያዝ፣ ጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባት ይቅር። ክብሪቱ ፊትን ያቃጥላል፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። እሳትና ስለት ያለው ነገር ከአጠገቡ ይነሣ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት ይደረግ፤ የአንገት ልብሱ ይላላ። መንዘፍዘፉን በጉልበት መያዝ አይገባም። ሲያበቃ ወይም ሲቻል ምራቁ ወደ ውጭ እንዲወጣ በጎኑ ይተኛ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃም የሚበላና የሚጠጣ አይሰጠው። አንድ ሰው ሰዓቱን ይመልከት። አብዛኛው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ያበቃል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋልና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሲነቃ የሚያየው የከበበውን ሕዝብ እንዳይሆን አንድ ሁለት ሰው ብቻ አጠገቡ ይቆይ፤ ሌላው ወደ ወንበሩ ይመለስ።